እማዬ የተኛችበት ሶፋ

አክስቴ አረንጓዴው ሶፋ ላይ እንቅልፍ ወስዷታል። እጆቿን ሆዷ ላይ አጣምራ፣ አንገቷን ወደ መደገፊያው ዘንበል አድርጋለች። ልጇ ስልኩን ይዞ አጠገቧ ቆሟል። እያነበበላት ነበር። መሀል ላይ ሲደርስ ቀና ብሎ አያት፤ ድምፁ ቀነሰ፤ ከዚያ ጭራሽ ቆመ።

«ተኛች» አለ ለራሱ።

«ሶፋው አለፈ ማለት ነዋ!» አለች ሴት ልጁ ከስፌት ማሽኑ ኋላ ሆና።

«ሶፋውስ አለፈ። ጽሁፉ ነው የወደቀው።»

አውራ ጣቱን ስልኩ ላይ ጫን አደረገ። ሳምንቱን ሙሉ ሲጽፈው የሰነበተው ነገር በአንዴ ጠፋ። ከዚያ ጠመኔ አንስቶ ጎንበስ አለና ሶፋው ስር፣ እንጨቱ ላይ፣ የማለፊያ ምልክቱን አሰመረ። ልጁ ማሽኗን አቁማ ጣሪያውን ተመለከተች። «አባዬ፣ ዛሬ እኮ ሐሙስ ነው። ብሎጉ ላይ አሁንም ምንም ላናወጣ ነው?» ጠመኔውን ኪሱ ከተተ። መልስ መስጠት ልማዱ አይደለም።

ሰፈሩ ምስማሬ ይለዋል። ስሙ የወጣለት በስራው ነው። እሱም፣ ከእሱ በፊት አባቱም፣ ሶፋ ሲያለብሱ ትንንሾቹን ምስማሮች ጎርሰው ነበር የሚሰሩት። አንዱ እጅ ጨርቁን ይወጥራል፣ ሌላው መዶሻ ይይዛል፤ ለምስማር የሚተርፍ እጅ የለም። ስለዚህ አፍ እጅ ይሆናል። ምላስ ምስማሯን አዙሮ ወደ ከንፈር ይገፋታል፣ የመዶሻው ማግኔት ከከንፈር ላይ ይቀበላታል፣ ከዚያ ጠቅ። ምስማር የጎረሰ ሰው ደግሞ አያወራም። ቢያወራ ይውጣል።

ልጅ ሳለሁ ከትምህርት ቤት ስመለስ ቦርሳዬን የማወርደው እዚያ ወርክሾፕ ውስጥ ነበር። ገና ጨርቅ ያልለበሰ ሶፋ ሞላው እንደ ጎድን አጥንት ተገጥግጦ ይታያል፤ እኔና የአክስቴ ልጅ፣ የዛሬው ምስማሬ፣ እሱ ላይ ወጥተን እንዘላለን። አጎቴ፣ ማለትም የአክስቴ ባል፣ በጎረሰው ምስማር ውስጥ «እምም!» ይላል። አጭሩ እምም ውረዱ ማለት ነው። ረዘም ያለው መቀሱን አቀብሉኝ ነው። ትከሻው እየተንቀሳቀሰ የሚወጣው ደግሞ ሳቅ ነው። አጎቴ ከሞተ በኋላ ድምፁን ለማስታወስ ብዙ ሞክሬያለሁ። ሁልጊዜ የሚመጣልኝ ያው እምም ነው፤ ከማጣበቂያው፣ ከማስቲሹ ሽታ ጋር።

ኋላ በአየር የሚሰራው ስቴፕለር መጣና ምስማር መጉረስ ቀረ። የምስማሬ አፍ ነጻ ወጣ፣ ወሬው ግን አልመጣለትም። ሰው ሰላም ሲለው ራሱን ይነቀንቃል። ደንበኛ ሶፋው መቼ እንደሚደርስ ሲጠይቀው ጣቱን ወደ ቀን መቁጠሪያው ይቀስራል። ልጁ ትንሽ ሳለች ጓደኞቿ አባቷ ዲዳ ይመስላቸው ነበር።

ከአባቱ የወረሰው ሌላም ነገር አለ። አጎቴ አንድ ሶፋ ባለቀ ቁጥር ሚስቱን ጠርቶ ያስቀምጣት ነበር። አክስቴ ቀን ቀን የምትተኛ ሰው አይደለችም፤ እንዲያውም ቀን የሚተኛ ሰው ስታይ ታማለች። ሶፋው ግን ጥሩ ከሆነ ሳታስበው ዓይኗ ይከደናል። ከተከደነ አልፏል። ካልተከደነ ወይ ሞላ ላልቷል፣ ወይ ስፖንጁ አጉል ደርቋል፤ ጨርቁ ይገፈፍና እንደገና ይሰራል። ባሏ ከሞተ በኋላም ይህ አልቀረም። አሁንም ጠዋት ጠዋት ተነስታ ሻሿን ታስራለች፣ ካልሲዋን ትስባለች፣ «ስራ ልግባ» ብላ ከቤት ትወጣለች። ስራዋ መተኛት ነው። ይህንን ግን ከቤተሰብ ውጭ ለማንም አይነግሩም ነበር። እናቱን እንደ ሚዛን የሚጠቀም ባለሙያ እንዳይባል ምስማሬ ያፍራል።

ነገሩ የተበላሸው ከመንገዱ ማዶ ትልቁ የቤት ዕቃ መደብር ሲከፈት ነው። መስታወቱ እስከ ጣሪያ ይደርሳል፤ ሶፋው ተሰርቶ፣ ተለብሶ፣ በላስቲክ ተጠቅልሎ ይመጣል። ሰዎች አሮጌውን ማሳደስ ትተው ደጅ ማውጣት ጀመሩ። ምስማሬ ጠዋት ሲመጣ ራሱ ያለበሳቸው ሶፋዎች መንገድ ዳር ቆመው ያገኛል፤ አንዱን ጎትቶ እስከ ማስገባት ደርሶ ነበር። የመደብሩ ባለቤት ክፉ ሰው አልነበረም። አንድ ቀን መጥቶ፣ «ወንድሜ፣ እኔ ጋ ገጣጣሚ ሆነህ ግባ። ክረምቱ እስኪወጣ ቦታውን ይዤልሃለሁ» አለው።

ምስማሬ ይህንን ሲነግረኝ እንደ ወትሮው ባጭሩ ነበር። ደሞዙ አላሳሰበውም፤ ሰው ስር መስራትም እንደዚያው። ወርክሾፑን አንድ ጊዜ በዓይኑ ዞረው፤ የተጠቀለለውን ስፖንጅ፣ የተሰቀለውን ጆንያ፣ በመስኮቱ በኩል የተቀመጠችውን እናቱን አየ።

«እማዬስ?» አለኝ። «የት ሄዳ ትተኛለች?»

ብሎጉን ያመጣችው ልጁ ናት። የሂሳብ አያያዝ ተምራ ስራ እስክታገኝ ስፌቱን የያዘች ጊዜ ነው። «ሰው ሶፋ መታደሱን ረስቷል፤ እናስታውሰው» አለች። የመጀመሪያዎቹን ጽሁፎች እሷው ከዚህም ከዚያም አሰባስባ አወጣች። «ድርጅታችን ባካበተው የዳበረ ልምድና በዘመናዊ አሰራር የክቡራን ደንበኞቹን እርካታ ያረጋግጣል» ይላል አንዱ። አስተያየት የሰጠነው እኔና አጠገባቸው ስልክ የሚጠግነው ጎረቤት ብቻ ነበርን። አክስቴ ሲነበብላት ግራ ገባት።

«ድርጅታችን የምትሉት ማንን ነው? እኔ ሳላውቅ ሰው አስገብታችኋል?»

«እኛ ነን እማማ!»

«እኛ? እኔና አባትሽ?» አለችና ዞር ዞር ብላ አየች። «በይ ይሁን። ዘመናዊ መሆናችንንም ዛሬ ሰማሁ።»

ልጅቷ ተስፋ አልቆረጠችም። አባቷን ይዛ አስቀመጠችው። «አባዬ፣ የምታውቀውን አንተ ራስህ ጻፍ፤ ስልክህ ላይ። በየሳምንቱ ሐሙስ አንድ ይወጣል። ብሎግ እንደ ሱቅ ነው፤ አንድ ቀን ከፍተህ ወሩን ሙሉ ከዘጋህ ሰው በሩ የት እንደነበረ ይረሳዋል።»

ያኔ ማንም ያልጠበቀው ሆነ። የምስማሬ አፍ ሳይሆን አውራ ጣቱ ተፈታ። ሻይ እየጠጣ ይጽፋል፣ ማስቲሽ እስኪደርቅ ይጽፋል፣ ታክሲ ውስጥ ይጽፋል። ዕድሜውን ሙሉ ከምስማሩ ኋላ ሲጠራቀም የኖረው ሁሉ በአንድ ጊዜ መንገድ ያገኘ ይመስል ነበር። ግን የሰራውን ሳይፈትሽ ከወርክሾፕ አውጥቶ አያውቅም፤ የሚያውቀው መፈተሻ ደግሞ አንድ ብቻ ነው። ስለዚህ እናቱ አዲስ ያለቀ ሶፋ ላይ በተቀመጠች ቁጥር አጠገቧ ቆሞ ያነብላታል። እሷ ደግሞ ትተኛለች። ለሶፋው ማለፊያ የሆነው ለጽሁፉ መውደቂያ እየሆነ፣ ሶፋው ይወጣል፣ ጽሁፉ ይጠፋል።

«እሷ ሁልጊዜ እኮ ትተኛለች!» ትላለች ልጁ።

«እኔም ሁልጊዜ መጥፎ ነው የምጽፈው ማለት ነው» ይላል እሱ፣ በጣም በእርጋታ።

እንዲህ እንዲህ እያለ ክረምቱ ተጋመሰ። ብሎጉ ያለ አዲስ ጽሁፍ፣ ወርክሾፑም ወደ ባዶነት እየተጠጋ። ከመንገዱ ማዶ የመደብሩ ባለቤት አልፎ አልፎ በመስታወቱ ውስጥ እጁን ያውለበልባል።

ያ ሐሙስ ያለፈው አረንጓዴው ሶፋ ለባለቤቷ ተሰጥቶ በሳምንቱ ተመለሰ። በፒክአፕ ላይ ተጭኖ ነው የመጣው፤ ባለቤቷ ሹፌሩ አጠገብ ተቀምጣለች። ጡረታ የወጣች መምህርት ናት፤ ግማሹን ሰፈር ያስተማረች፣ እስከ ዛሬ ሁሉም ቲቸር የሚላት። ወርዳ እግሯ መሬት ከመንካቱ ድምፅዋ ተሰማ።

«ምስማሬ! ና ውጣ!»

ሶፋው ከነክብሩ የእግረኛ መንገዱ ላይ ተቀመጠ። ምስማሬ እጁን በጨርቅ እየጠረገ ወጣ። እኔም ተከተልኩት።

«ተቀመጥ።»

«ቲቸር፣ ምን ሆነ…»

«ተቀመጥ አልኩህ እኮ። ክፍል ውስጥ ቢሆን ስንት ጊዜ ነበር የምልህ?»

ተቀመጠ። አላፊ አግዳሚው ቆም ቆም አለ።

«እኔ ልንገርህ የሚሰማህን። እኔ እዚህ ላይ ስቀመጥ ፈተና ላይ የተቀመጥኩ ነው የሚመስለኝ። ያውም ያላጠናሁት። ቀኝ ጎኔን አዙሬ አየሁት፣ ግራ ጎኔን አዙሬ አየሁት። ልጆቼ መሬት ላይ መቀመጥ ጀምረዋል።»

ምስማሬ ከሶፋው በላይ አረንጓዴ ሆነ። ከዚያ፣ ሰው ፊት ተናግሮት የማያውቀው ነገር ከአፉ አመለጠው።

«እማዬ ተኝታበታለች እኮ።»

«ማን?»

ልጁ መጣችና ነገሩን ሁሉ ለቲቸር አስረዳች፤ ሶፋ ሲያልቅ እንዴት እንደሚፈተሽ፣ ከአያቷ ጀምሮ እንዴት እንደመጣ። ቲቸር መነጽሯን አወለቀች። ሳቋን እንደያዘች ያስታውቃል።

«እንዲህ ከሆነማ ፈታኟን ጥሯት እንጂ።»

አክስቴ ሻሿን እያስተካከለች መጣች፣ ከቲቸር ጋር ተሳሳመች፣ የቤተሰቡን ደህንነት በየተራ ጠየቀች፣ ከዚያ እንደ ባለሙያ ተቀመጠች። ትንሽ ቆየች። ወደ ቀኝ ገፋ አለች። ፊቷ ተኮማተረ።

«ኧረ! ይሄ ነገር ነከሰኝ!»

«ምን?» አለ ምስማሬ።

«ጎኔን ነዋ። ሞላህ ተነስቷል። ማነው ይሄንን ያሳለፈው?»

«አንቺ!»

«እኔ?»

«ባለፈው ሐሙስ! እዚህችው ላይ ተኝተሻል! ይኸው ምልክቱ!» ጎንበስ ብሎ ጠመኔውን አሳያት።

አክስቴ ምልክቱን አየችው። ከዚያ ልጇን ቀና ብላ አየችው፤ እንደ ሞኝ ነው ያየችው።

«እሱማ እያነበብክልኝ ነበራ።»

«ታዲያ ባነብስ?»

«አንተ ልጅ፣ አባትህ ዕድሜውን ምስማር ጎርሶ ኖረ። አንተም የሱን ተከተልክ። ቤቴ ውስጥ የሰማሁት የወንድ ድምፅ ቢኖር እምም ነው። እምም ሲል አገባኝ፣ እምም ሲል ወለድኩህ። አሁን በስተርጅና አጠገቤ ቆመህ እንደ ሬዲዮ ረዥም ረዥም ታወራልኝ ጀመር። ልቤ እርፍ አለ። ልብ ሲያርፍ ዓይን ምን ያደርጋል? እሾህ ላይ ብታስቀምጠኝም እተኛ ነበር።»

ምስማሬ እጁ ላይ ያለውን ጨርቅ አጠፈው፣ ፈታው፣ እንደገና አጠፈው።

«ጽሁፉስ?» አለ በመጨረሻ።

«የትኛው ጽሁፍ?»

«የማነብልሽ!»

«እሱማ ጥሩ ነው። ያ እንኳን፣ ሶፋ ላይ ሁሉም ሰው የራሱ ቦታ አለው ያልከው፣ የአባትህን ቦታ ያነሳህበት… መጨረሻውን አልሰማሁትም እንጂ። ምን አልክ መጨረሻው ላይ?»

«አጥፍቼዋለሁ።»

«አጠፋኸው? ለምን?»

«ተኝተሽ ነዋ!»

መጀመሪያ የሳቀችው ቲቸር ናት። ከዚያ ሹፌሩ፣ ከዚያ ልጅቷ፤ አክስቴ ራሷ መቀመጫው እየነከሳት ሳቀች። ምስማሬ ድምፅ አውጥቶ አልሳቀም። ትከሻው ሲንቀሳቀስ ግን አየሁት፤ ያ የአባቱ እምም ነበር፣ አፉ ባዶ ሆኖ።

ሳቁ ሲያልቅ ልጅቷ ደነገጠች። «አባዬ! እያነበብክላት ያሳለፍናቸው ሌሎቹ ሶፋዎችስ?»

የዚያን ሳምንት ወርክሾፑ ግማሽ ቀን ተዘጋ። ምስማሬና እናቱ በታክሲ ቤት ለቤት ዞሩ። በር ያንኳኳሉ፤ እሱ ማስረዳት ስለማይችል እሷ ታስረዳለች፤ «የኔ ልጅ፣ አንዴ ልቀመጥበትና እሄዳለሁ።» እሱ ጥግ ይዞ፣ ትንፍሽ ሳይል ይቆማል። ዕድሜ ለሙያው፣ ሌሎቹ ሁሉ አለፉ። አንዱ ቤት እንዲያውም ከማለፍም አለፈ፤ አክስቴ ድብን ብላ ተኛች፣ የቤቱ እመቤት ልትቀሰቅሳት አልደፈረችም፣ ልጆቹ ከጨዋታ መጥተው ሶፋቸው ላይ የማያውቋት አሮጊት አገኙ። ምሳ አብልተው ነው የሸኟቸው።

አረንጓዴው ሲፈታ አንዱ ሞላ የታሰረበት ሲባጎ ላልቶ ተገኘ። ጽሁፉን በሀሳቡ እየሰፋ ያሰረው ቋጠሮ መሆን አለበት። አጥብቆ አሰረው፣ እናቱን ዝም ብሎ አስቀመጣት፣ ተኛች። ቲቸር ወሰደች።

ቀጣዩ ሐሙስ ሲደርስ ልጁ ማሽኗን አቁማ፣ «ይሄንን ነው የምትጽፈው» አለችው።

«የትኛውን?»

«የሆነውን ነዋ።»

«የተመለሰብኝን ሶፋ? ጉዴን በገዛ እጄ ላወጣ? እማዬንስ ሰው ምን ይላታል?»

አክስቴ ከጥግ ተነሳች። የምር ተቆጥታለች።

«ምን ይለኛል? ስለ ሞላ ጽፈሃል። ስለ ሲባጎ ጽፈሃል። ስለ ማስቲሽ እንኳ ረዥም አድርገህ ጽፈህ አንብበህልኛል። ይሄን ሁሉ ዓመት እዚህ ቤት ስራ ስገባ፣ ስለ እኔ አንዲት ቃል! እኔ ከማስቲሽ አንሼ ነው?»

ስልኩን አንስቶ ጻፈ። ይህን ጊዜ ግን እናቱን ሶፋ ላይ አላስቀመጣትም። ከወርክሾፑ ጥግ አንድ ደረቅ በርጩማ አለ፤ አንዱ እግሩ አጠር ያለ፣ ደላላ እንኳ ሁለት ጊዜ ተቀምጦበት የማያውቅ። እሱ ላይ አስቀምጦ አነበበላት። እውነትም አልተኛችም። ከመተኛት የባሰ ሆነች።

«ታሪኩ ሲጀመር እኔ የት ነኝ?» ትላለች። «ቶሎ አስገባኝ እንጂ!» ወይም፣ «ይሄንን የሲባጎውን ነገር እዚህ ጋ ቁረጠው፤ ሰው ቲቸር ምን እንዳለች ለመስማት ነው የቸኮለው።» ደስ ሲላት «ከዚያስ?» ትላለች። ሲሰለቻት ወደ መስኮቱ ታያለች። ምስማሬ ወዲያው ለመደው፤ «ከዚያስ» የተባለበትን ያስረዝማል፣ መስኮት የታየበትን ያወጣል።

ጽሁፉ የወጣው በዚያ ሐሙስ ነው። ልጅቷ «ድርጅታችን» የሚለውን ሁሉ አጥፍታ ለብሎጉ አዲስ ስም አወጣችለት፤ «እማዬ የተኛችበት ሶፋ»። ጽሁፉ የሚያልቀው እንዲህ ነበር። «ይህን ሶፋ ያሳለፈችው እናቴ አይደለችም። ያሳለፍኩት እኔ ነኝ፣ በወሬ። ከእንግዲህ እሷ ሶፋ ስትፈትሽ አፌን እዘጋለሁ። በዚህ ጥሩ ልምድ አለኝ።»

በማግስቱ ደንበኛ በሩ ላይ አልተሰለፈም። ቲቸር ለድሮ ተማሪዎቿ ላከችው፤ እነሱ ለእናቶቻቸው ላኩት። አስተያየቶቹ አንድ አንድ እያሉ መምጣት ጀመሩ። «የእናትዎ ቦታ ሲለቀቅ ማስታወቂያ ያውጡ፤ የስራ ልምድ አለኝ» ይላል አንዱ። «ባለቤቴ ማንኛውም ሶፋ ላይ ይተኛል፤ እሱን እንዴት ነው የምንፈትሸው?» ትላለች ሌላዋ። ምስማሬ ለእያንዳንዱ መልስ ይጽፋል። ሰላምታ ሲሰጡት ራሱን የሚነቀንቅ ሰው ለማያውቀው ሁሉ አንድ አንቀጽ፣ ሁለት አንቀጽ።

ልጅቷ ደግሞ ያጠፋቸውን ጽሁፎች መለሰቻቸው። ስልክ ላይ የጠፋ ነገር ወዲያው እንደማይጠፋ፣ ቅርጫት ውስጥ ተቀምጦ እንደሚቆይ አባቷ አያውቅም ነበር። አክስቴ ብዙዎቹን እስከ መጨረሻው የሰማቻቸው ያኔ፣ በርጩማው ላይ ነው። ሁሉም ሰው ሶፋ ላይ የራሱ ቦታ አለው የሚለው በወጣ ሳምንት አንባቢዎች የሶፋቸውን ፎቶ መላክ ጀመሩ። ምስማሬ ጨርቁ የሳሳበትን፣ ስፖንጁ የሰመጠበትን አይቶ ማን የት እንደሚቀመጥ ይነግራቸዋል። «በቀኝ በኩል ያለው ሰው ሲያስብ የእጅ መደገፊያውን ይፍቃል። መሀሉ ያልተነካው እንግዳ ስለማይመጣ ሳይሆን ተጨንቃችሁ ስለምታስነሱት ነው። ልጁን መዝለሉን አትከልክሉት፤ ሞላው ይችለዋል።» የዚያ ቤት ልጅ ሰበብ አግኝቶ ዘለለ፣ ሞላው ተሰበረ፣ ሶፋው ሊታደስ መጣ።

እውነት ለመናገር ደንበኛው ሁሉ የመጣው እንዲህ ባለ ጠማማ መንገድ ነው። ስለ ስፖንጅ አመራረጥ ሁሉንም ሳይደብቅ ሲጽፍ ስልክ ጠጋኙ፣ «ሙያህን በነጻ እያደልክ ነው፤ ነገ ሰው ራሱ ይሰራዋል» ብሎ አስጠነቀቀው። ሰዉም እውነትም ራሱ ጀመረው። በሳምንቱ ሶፋቸውን ገፈው መልሶ ማልበስ ያቃታቸው ሰዎች፣ ጨርቁን በአንድ ፌስታል፣ ሞላውን በሌላ ፌስታል ይዘው በሩ ላይ ቆሙ። አንዱ አፍሮ፣ «ጽሁፍህ ላይ ቀላል ይመስል ነበር» አለው። ምስማሬ ራሱን ነቀነቀ፤ ስለዚህም ጻፈ።

ብሎጉ ላይ የካልሲ ፎቶ መውጣት የጀመረው ደንበኞች ማስረጃ ሲፈልጉ ነው። የእኔ ሶፋ ላይ መተኛቷን በምን አውቃለሁ ይላሉ። ልጅቷ ፎቶ ልታነሳ ስትል አክስቴ ጮኸች።

«አፌን ከፍቼ? ሙቺ፣ አታነሺኝም!»

ተደራድረው እግሯ ብቻ ይነሳል ተባለ። ከዚያ ወዲህ ያለቀው ሶፋ ሁሉ ብሎጉ ላይ የሚወጣው ጫፉ ላይ በካልሲ የተሸፈኑ ሁለት ትንንሽ እግሮች ተነባብረው ነው። መጀመሪያ ግራጫ ካልሲ ነበር። ኋላ አንባቢዎች ካልሲ መላክ ጀመሩ፤ ቀይ፣ ባለ መስመር፣ ዳክዬ ያለበት። አክስቴ ዳክዬውን ለብሳ ለከባድ ደንበኛ ብቻ ትተኛለች።

የሐሙሱን ነገር ማስቀጠል ቀላል እንዳይመስላችሁ። የሚጻፍ የሚጠፋበት ሳምንት አለ። እንዲህ ባለው ሳምንት ምስማሬ በርጩማውን ያመጣና እናቱን አስቀምጦ፣ «ጠይቂኝ» ይላታል። እሷም ትጠይቀዋለች፤ ማታ ማታ ያ ሶፋ ለምንድነው የሚጮኸው፣ ያቺ የጎረምሳው እናት የቆዳ ሶፋውን ለምን መለሰችው፣ አባትህ ያንን ወፍራም መርፌ የት አደረገው። ከሚመልስላት ውስጥ አንዱ የሐሙስ ይሆናል። አንድም ሐሙስ አላለፈም። ብርድ ይዞት የተኛ ጊዜ እንኳ ልጁ አልጋው አጠገብ ተቀምጣ በቃል ሲነግራት ጻፈች፤ አክስቴ ያን ዕለት በርጩማውን ይዛ ቤት ድረስ መጣች።

ክረምቱ ሲወጣ የመደብሩ ባለቤት መንገዱን ተሻገረ። ወርክሾፑ ውስጥ እግሩን የሚያሳርፍበት አጥቶ በሶፋዎቹ መሀል በጎኑ እያለፈ ነው የገባው።

«ወንድሜ፣ ስለ ስራው ነበር የመጣሁት» አለና ዙሪያውን አየ። «ግን ያንን ጉዳይ የተውነው ይመስለኛል።»

ምስማሬ ስቴፕለሩን አስቀመጠ። ራሱን ይነቀንቃል ብዬ ጠብቄ ነበር።

«ክፉ ቀን ላይ ቦታ ይዘህልኛል፤ እግዜር ይስጥልኝ» አለው። «አልገባም። እዚህ ስራ አለኝ፤ እናቴም ስራ አላት። ሶፋህ ሲያረጅ ግን አምጣው፤ መንገድ ላይ አትጣለው።» በሕይወቱ ለጎረቤት የተናገረው ረዥሙ ነገር ይህ ይመስለኛል።

ሰውዬው ጭንቅላቱን አከከ። «እሱን እንኳ ትተን… እማማ፣ አንድ ነገር ላማክርዎት። ሰው መደብሬ ይገባና ‘ይሄ ላይ ማን ተኝቶበታል?’ እያለ ይጠይቀኛል። አልጋ በአልጋ አድርጌ ባስቀምጥዎት፣ ከሰዓት ከሰዓት ብቻ እየመጡ…»

አክስቴ ቀና ብላ አየችው። «የኔ ልጅ፣ እኔ የልጄ መዶሻ ካልተሰማኝ እንቅልፍ አይወስደኝም። ደግሞ ሴትዮዋ በሰው ቤት ትተኛለች እንድባል ነው?»

ሰውዬው እየሳቀ ወጣ። በሳምንቱ ከቤቱ አንድ አሮጌ ሶፋ ላከ፤ የመደብሩ ደንበኞች እንዳያዩት በአንሶላ ተሸፍኖ ነው የመጣው።

ባለፈው ሐሙስ ጎራ ብዬ ነበር። ከወርክሾፑ ጥግ የአጎቴ ወንበር አለ፤ ባለ ሰፊ መደገፊያ፣ ቀኝ ክንዱ መዶሻ ሲያሳርፍበት የጎደጎደ። እስከ ዛሬ ማንም ጨርቁን አልነካውም። ምስማሬ ስለዚህ ወንበር ጽፎ ነበር። እናቱን በርጩማው ላይ ሊያስቀምጣት ሲል እጁን ያዘችው።

«ዛሬ እዚያ ልቀመጥ» አለች።

ከአጎቴ በኋላ ማንም ተቀምጦበት አያውቅም። ተቀመጠች። መጠኑ አልሆናትም፤ እግሯ መሬት አልነካም። ምስማሬ መነጽሩን አድርጎ ማንበብ ጀመረ፤ ስለ ጎደጎደው ክንድ፣ ስለ ምስማሩ፣ ስለ እምም ዓይነቶች። አንዳንዱን እኔ የረሳሁትን ነው፤ ከትምህርት ቤት ስመጣ ቦርሳዬን የምወረውርበትን ጥግ ሁሉ ያስታውሳል። አክስቴ «ከዚያስ» አላለችም። ወደ መስኮቱም አላየችም። መሀል ላይ ሲደርስ አንገቷ ወደ መደገፊያው ዘንበል አለ።

ምስማሬ ቀና ብሎ አያት። ልጁ ማሽኗን አቆመች። እኔ ስልኩን የያዘውን አውራ ጣቱን ነበር የማየው።

ገጹን ገለጠና ማንበቡን ቀጠለ። እስከ መጨረሻው፣ ድምፁን ሳይቀንስ አነበበ። ሲጨርስ ልጁ በእግሯ ጣት ሄዳ የአያቷን ካልሲ ፎቶ አነሳች። ዳክዬው ነበር።